ሲፒዩው ሲወርድ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል። የትኛውን ሜትሪክ (መለኪያ) ነው ማየት ያለብኝ?

ሃያሁለት_ዴቭ

ሰላም ለዚህ ቤት። ግራ ያጋባን ነገር አለ፣ እስቲ እንነጋገርበት።

የአገር አቋራጭ አውቶብስ ትኬት የሚሸጥ ሲስተም አለን። ጃቫ 17 ነው፣ ስፕሪንግ ቡት፣ ከኋላ ፖስትግሬስ። ሰርቨሩ አማዞን ክላውድ ላይ ፍራንክፈርት ነው ያለው። ማሽኑ ቲ3 ሚዲየም የሚባለው ዓይነት ነው፣ 2 ቪሲፒዩ (ቨርችዋል ሲፒዩ)፣ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ። ዳታቤዙ ለብቻው ሌላ ማሽን ላይ ነው።

ጠዋት ሲፒዩው ወደ 60 በመቶ ይወጣል። ያኔ ማንም አያማርርም። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ጩኸቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ደንበኛው ወንበር መርጦ «ቀጥል» ሲል ስክሪኑ ይፈዛል። ትኬት ቢሮ ያሉት ልጆች መደወል ይጀምራሉ። ዳሽቦርዱን ስከፍት ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው። የተጠቃሚው ቁጥርም ከጠዋቱ አይበልጥም።

አለቃዬ «ሰርቨሩን እናሳድገው» ይላል። በዶላር የሚከፈል ነገር ስለሆነ ምክንያቱን ሳላውቅ መጨመር አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ?

ኖድ_ልጅ

ከሰዓት የሞባይል ኔትወርክ ይጨናነቃል። እሱ አይሆንም?

ሃያሁለት_ዴቭ

እኔም መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። ግን አክሰስ ሎጉ (የጥያቄዎች መዝገብ) ላይ ሰርቨሩ ራሱ የወሰደው ጊዜ ነው የረዘመው። ጥያቄው እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው የሚዘገየው።

ቴላቪቭ_ኦፕስ

ኔትወርኩ የራሱ ድርሻ አለው፣ ግን ቋሚ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ይሄ ግን ጠዋትም ከሰዓትም ያው ነው። 8 ሰዓት ሲሆን ፍራንክፈርት አይርቅም።

ፐርሰንታይል

ወንድሜ፣ መልሱ ራስህ የጻፍከው ውስጥ አለ። «ወደ 20 በመቶ ይወርዳል» አልክ። ግራፉን ቀረብ ብለህ እየው። ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚሄደው ወይስ 20 ላይ ቀጥ ብሏል? ቀጥ ካለ ሲፒዩው የወረደው ስራ ቀሎት አይደለም። ተገድቦ ነው።

የቲ3 ማሽኖች የሚሰሩት በክሬዲት ነው። አንድ ክሬዲት ማለት አንድ ቪሲፒዩን ለአንድ ደቂቃ 100 በመቶ ማሰራት ነው። ቲ3 ሚዲየም በሰዓት 24 ክሬዲት ያገኛል። ይህ ሁለቱን ቪሲፒዩዎች 20 በመቶ ላይ ለማስኬድ ልክ ይበቃል። ከዚያ በታች ከተጠቀምክ ይጠራቀማል። ከዚያ በላይ ከተጠቀምክ ካጠራቀምከው ላይ ይቀነሳል። ሲያልቅ፣ ማሽኑ «ስታንዳርድ» በሚባለው ሁነታ ላይ ከሆነ፣ 20 በመቶ ላይ ይይዝሃል።

ያንተን እናስላው። ሌሊት 2 በመቶ ብቻ ቢጠቀም በሰዓት ከ21 ክሬዲት በላይ ይተርፈዋል። በ12 ሰዓት ውስጥ ወደ 260 ይጠጋል። ጠዋት 60 በመቶ ላይ ሲሰራ በሰዓት 72 ያወጣል፣ 24 ያስገባል፣ 48 ይጎድለዋል። 260ን ለ48 ስታካፍል አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ስራ ከጀመረ 8 ሰዓት ላይ ባዶ ነው።

ክላውድዋች (የአማዞን መከታተያ) ላይ «ሲፒዩ ክሬዲት ባላንስ» የሚለውን ሜትሪክ ክፈት። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ ቶፕ የሚለውን ትዕዛዝ አስኪድና በሲፒዩው መስመር መጨረሻ ላይ «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር ተመልከት። ስቲል ማለት ነው። ማሽንህ ልስራ ብሎ ከሃይፐርቫይዘሩ (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽኖች ከሚያካፍለው ሶፍትዌር) ተራ ያላገኘበት ጊዜ።

አንድ ነገር ልጨምር። ግራፉ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) መሆን አለመሆኑን አረጋግጥ። የእኛ የቀኑ 8 ሰዓት በዩቲሲ 11:00 ነው። ልጆቹ «8 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲሉህ ግራፉ ላይ 8:00ን ብትፈልግ የምታየው ጠዋት 5 ሰዓትን ነው። ያኔ ሁሉ ሰላም ስለነበር «ሰርቨሩ ምንም አልሆነም» ብለህ ትዘጋዋለህ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ሲሸወድ አይቻለሁ። ዳሽቦርዱን በምስራቅ አፍሪካ ሰዓት አድርገውና ልጆቹ ችግር ሲመዘግቡ ከሰዓቱ ጎን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብለው እንዲጽፉ አድርግ።

ሃያሁለት_ዴቭ

እህቴ፣ ቁርጥ እንዳልሽው ነው! የክሬዲት ባላንሱ ከጠዋት ጀምሮ እየተንሸራተተ 8 ሰዓት ሳይሞላ ዜሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሲፒዩው 20 ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ኤስቲውም ከሰዓት ከሲፒዩው አጠቃቀም በላይ ነው። ማሽኑን ስንከፍት ሂሳቡ ከታሰበው እንዳያልፍ ብለን ስታንዳርድ መርጠን ነበር።

ጥያቄው አሁን፣ ትልቅ ማሽን ልግዛ ወይስ «አንሊሚትድ» (ክሬዲት ሲያልቅ ሳይገደብ በክፍያ የሚቀጥልበት ሁነታ) ላድርገው?

ቴላቪቭ_ኦፕስ

ቲ3 ስትከፍት በዲፎልት አንሊሚትድ ነው የሚመጣው። ያንን መልሰው። ሂሳቡ አያስፈራም፣ አብረን እንየው። በቀን 10 ሰዓት 60 በመቶ ላይ ከሰራ 480 ክሬዲት ይጎድለዋል። በቀሪው 14 ሰዓት 300 ገደማ ይተካል። የሚቀረው 180 ክሬዲት ነው፣ ማለትም 3 የቪሲፒዩ ሰዓት። ሊኑክስ ላይ የአንዱ ዋጋ 5 ሳንቲም ነው። በቀን 15 ሳንቲም፣ በወር 5 ዶላር አይሞላም።

ቀኑን ሙሉ ከ40 በመቶ በላይ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት ማሽን እመክርህ ነበር። ያንተ ማታ የሚያርፍ ስራ ስለሆነ ለቲ3 የተፈጠረ ነው።

ጀማሪዋ

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ላውጣችሁ። ክላውድዋች ላይ የሚሞሪ ግራፍ ፈልጌ አጣሁት። የት ነው ያለው?

ፐርሰንታይል

እህቴ፣ የለም። ክላውዱ ማሽንሽን የሚያየው ከውጭ ሆኖ ነው። ሲፒዩና ኔትወርክ ያያል፣ ሚሞሪውን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እንዴት እንዳከፋፈለው ግን አያውቅም። የክላውድዋች ኤጀንት ማሽኑ ላይ ስትጭኚ ነው የሚመጣው። ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላም እንደዚያው። በነጻ የሚመጣው መለኪያ የ5 ደቂቃ ነው፣ ለ1 ደቂቃው ይከፈላል። በ5 ደቂቃ መሃል የተነሳና የወደቀ ነገር አማካዩ ውስጥ ይሰወራል።

ሃያሁለት_ዴቭ

አንሊሚትድ ካደረግነው ሰነበተ። የከሰዓቱ መንቀራፈፍ ጠፍቷል። ደስ ብሎናል። ግን ሁለተኛ ነገር ብቅ አለ፣ ምናልባትም ድሮም ነበረና በመጀመሪያው ተሸፍኖ ይሆናል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ሲስተሙ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ ይላል። ክሬዲት አለ። ሲፒዩው 15 በመቶ ነው። ዳታቤዙም ስራ ፈቷል። አማካይ የምላሽ ጊዜው 300 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ከዚያ ራሱ ይለቀቃል።

ፐርሰንታይል

አማካዩን ተወው። ስለ ማንም ተጠቃሚ አይናገርም። ከ1,000 ጥያቄ 980ው በ100 ሚሊሰከንድ ቢመለሱ፣ 20ዎቹ ደግሞ 8 ሰከንድ ቢወስዱ፣ አማካዩ 258 ሚሊሰከንድ ነው። «ደህና ነን» ትላለህ። ፒ99ን (ከ100 ጥያቄ 99ኙ የሚያልቁበትን ጊዜ) ብታይ ግን 8 ሰከንድ ነው። በአንተ ስራ ደግሞ እነዚያ 20ዎቹ ገንዘብ ሊከፍሉ የደረሱት ናቸው። የአውቶብስ መስመሮችን ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሰው ፈጣኑን ገጽ ነው የሚያገኘው።

ስፕሪንግ ቡት ላይ አክቹዌተርና ማይክሮሚተር የሚባሉ መለኪያ አውጪዎች አሉልህ። ሂስቶግራሙን (ጥያቄዎችን በወሰዱት ጊዜ ባልዲ በባልዲ ለይቶ የሚቆጥረውን) ክፈትና በፕሮሚቴየስ ሰብስበው፣ በግራፋና እየው። ለእያንዳንዱ የሲስተሙ መንገድ (ጥያቄ የሚገባበት አድራሻ) ለየብቻው፦ ወንበር መምረጥ፣ መክፈል፣ ትኬት ማተም። ሁለት ሰርቨር ሲኖርህ የሁለቱን ፒ99 ደምረህ ለሁለት አታካፍል። ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው የሚሰጥህ። የሂስቶግራሙን ባልዲዎች መጀመሪያ ደምር፣ ፐርሰንታይሉን ከድምሩ ላይ አስላ።

አክቹዌተሩን ደግሞ አደራ፣ ለኢንተርኔት ክፍት እንዳታደርገው። የሂፕ ዳምፕ (የፕሮግራሙ ሚሞሪ ሙሉ ቅጂ) ገጹ ከተከፈተ ሚሞሪ ውስጥ ያለው ፓስወርድ ሁሉ አብሮ ይወርዳል።

ኮንቴይነር_ጫኝ

የሂፑንና (የጃቫው ሚሞሪ) የጂሲውን (ያለቀለትን ሚሞሪ የሚያጸዳው) ግራፍ አብረህ አውጣ። ጂሲ ሲሰራ አፕሊኬሽኑ ለአፍታ ይቆማል፣ ያንን ከሲፒዩ ግራፍ አታየውም።

ኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ለብቻው የሚታሸግበት) ውስጥ ለምታስኬዱ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ለኮንቴይነሩ ግማሽ ሲፒዩ ብትሰጡት ሊኑክስ በየ100 ሚሊሰከንዱ 50 ሚሊሰከንድ ይመድብለታል። ብዙ ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ ስራዎች) ባንዴ ከተነሱ ያቺን 50 በቅጽበት ይጨርሷትና እስከሚቀጥለው ዙር ሁሉም ይቆማል። የደቂቃው አማካይ ሲፒዩ 30 በመቶ ሊል ይችላል፣ ፒ99 ግን ይዘላል። ማየት ያለባችሁ «ስሮትልድ ፔሪየድስ» የሚለውን ቆጣሪ ነው። ከጠቅላላው ዙር ስንቱ ታነቀ የሚለውን ይነግራችኋል።

ጃቫን የሚያስኬደው ጄቪኤምም የራሱ ጠባይ አለው። ምንም ካልተነገረው ከኮንቴይነሩ ሚሞሪ ሩቡን ብቻ ነው ለሂፕ የሚወስደው። ከ2 ሲፒዩ በታች ወይም ከ1,792 ሜጋባይት በታች ካገኘ ደግሞ ጂ1ን ትቶ ሲሪያል የሚባለውን ጂሲ ይመርጣል። ፈጣን ማሽን ላይ የሞከርከው ነገር ትንሽ ኮንቴይነር ውስጥ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ኮንቴይነሩ በ137 ኮድ ከወደቀ ሎግ ውስጥ ኤረር አትፈልጉ። ከርነሉ በኃይል ገድሎታል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ በሚሞሪ ምክንያት።

ኖድ_ልጅ

እኛ ኖድ ጄኤስ ላይ ያለነውስ?

ኮንቴይነር_ጫኝ

የኢቨንት ሉፕ (ኖድ ስራዎችን ተራ በተራ የሚያስኬድበት ዙር) መዘግየትን ለካ። ኖድ ውስጥ አብሮ የመጣ መለኪያ አለው። አንድ ከባድ ጄሰን መፍታት ሉፑን 400 ሚሊሰከንድ ከያዘ በዚያ ቅጽበት የመጣው ሁሉ 400 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል። 4 ኮር ያለው ማሽን ላይ አንድ የኖድ ፕሮሰስ ሉፑ ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሳለ የማሽኑ ሲፒዩ 25 በመቶ ነው የሚለው።

ሃያሁለት_ዴቭ

ጂሲው ደህና ነው፣ ረጅሙ ቆይታ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች ነው። ፒ99ን ግን ሳወጣው የሚገርም ነገር አየሁ። «መክፈል» የሚለው መንገድ በዚያ ሰዓት 30 ሰከንድ ላይ ይሰቀላል። 28 አይልም፣ 35 አይልም። 30።

የዳታቤዙ_ጋሼ

ልጄ፣ እንዲህ ድፍን ያለ ቁጥር ስታይ የሆነ ሰው የጻፈው ገደብ አለ ማለት ነው። ሂካሪ የሚባለው የኮኔክሽን ፑል (ወደ ዳታቤዙ የተከፈቱ መስመሮች ክምችት) በዲፎልት 10 ኮኔክሽን ይይዛል። ሁሉም ከተያዙ የመጣው ጥያቄ እስከ 30 ሰከንድ ተራ ይጠብቃል። ካላገኘ ኤረር ይጥላል። ያንተ 30 ያ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሶስት ቁጥር አውጣልኝ። በስራ ላይ ያሉ ኮኔክሽኖች፣ ተራ የሚጠብቁ ጥያቄዎች፣ አንድ ኮኔክሽን ከተወሰደ እስኪመለስ የሚቆይበት ጊዜ። ማይክሮሚተር ሶስቱንም ከሂካሪ ይወስዳቸዋል። ሲስተሙ ቀጥ ሲል ደግሞ ፖስትግሬስ ላይ ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ጠይቅና ኮኔክሽኖቹ በምን ሁኔታ ላይ እንዳሉ እይ። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል ከበዛ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም የሚጸድቅ ወይ ሁሉም የሚሰረዝ የዳታቤዝ ስራ) ከፍተው ሌላ ቦታ ስራ ላይ ናቸው። ዳታቤዙ ስራ ፈቶ እነሱን እየጠበቀ ነው።

የክፍያ ኤፒአዩን (የክፍያ ድርጅቱን ሲስተም መጠሪያ) የምትጠሩት ትራንዛክሽን ውስጥ ሆናችሁ ነው?

ሃያሁለት_ዴቭ

አዎ ጋሼ። ወንበሩን እንይዛለን፣ የክፍያ ኤፒአዩን እንጠራለን፣ መልሱን እንመዘግባለን። ሁሉም አንድ ትራንዛክሽን ነው። ክፍያው እንዳይጠፋ ብሎ ነው ከኔ በፊት የነበረው ልጅ እንዲህ የሰራው።

ሶስቱን ቁጥሮች አወጣሁ። ሲቆም በስራ ላይ ያሉት 10 ናቸው፣ ቀጥ ያለ መስመር። የሚጠብቁት 80ን ያልፋሉ። አይድል ኢን ትራንዛክሽን ደግሞ ዘጠኙ ናቸው።

ኖድ_ልጅ

ታዲያ ፑሉን 100 አድርገውና ገላግለው።

የዳታቤዙ_ጋሼ

አይሆንም። ምክንያቱን ልንገርህ።

ባንክ ቤት 10 መስኮት አለ እንበል። እያንዳንዱ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስልክ ይደውላል፣ ጥሪው እስኪያልቅ አይለቅም። መስኮት ብትጨምር ስልክ የሚደውል ሰው ነው የምትጨምረው።

በቁጥር እንየው። የክፍያ ኤፒአዩ 2 ሰከንድ ከወሰደ 10 ኮኔክሽን በሰከንድ 5 ክፍያ ብቻ ያስተናግዳል። በዋዜማ ያ ኤፒአይ ራሱ ተጨናንቆ 6 ሰከንድ ቢወስድ በሰከንድ 2 እንኳ አይሞላም። የአውቶብስ መስመሮችን ብቻ ማየት የፈለገው ሰውም ኮኔክሽን ይፈልጋልና አብሮ ይታገታል። የሌላው ሰው መዘግየት አንተን የሚያቆምህ በዚህ በኩል ነው።

ፖስትግሬስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን የራሱ ፕሮሰስ ይከፍታል። በዲፎልት የሚፈቅደው ጠቅላላ 100 ነው። ሁለተኛ ሰርቨር የጨመርክ ቀን 200 ትሆናለህና በሩ ይዘጋብሃል።

መፍትሄው ጥሪውን ከትራንዛክሽኑ ማውጣት ነው። ወንበሩን ያዝ፣ «ክፍያ በመጠባበቅ ላይ» ብለህ መዝግብ፣ ትራንዛክሽኑን ዝጋ። ከዚያ ኤፒአዩን ጥራ። መልሱ ሲመጣ ሌላ አጭር ትራንዛክሽን ከፍተህ አጽድቅ። ስፕሪንግ ቡት ላይ «ኦፕን ኢን ቪው» የሚባለው ሴቲንግ በዲፎልት ክፍት ነው፣ እሱንም ዝጋው። አለበለዚያ ትራንዛክሽኑ ቢያልቅም ጥያቄው እስኪያበቃ ኮኔክሽኑ ሊያዝ ይችላል። ለኤፒአዩ ጥሪም የራሱ ታይምአውት ስጠው፤ ሳይነገረው ዘላለም የሚጠብቅ ክላየንት አለ።

ሃያሁለት_ዴቭ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት ለያየነው። የመጣው በዓል ዋዜማ ላይ የክፍያ ኤፒአዩ እንደ ልማዱ ተንቀራፈፈ፣ ግራፉ ላይ በደንብ ይታያል። የእኛ ፑል ግን ከ10ሩ 4 አልደረሰም። የአውቶብስ መስመር የሚፈልገው ሰው ምንም አልተሰማውም። ፑሉን ሳንጨምር፣ ማሽኑንም ሳናሳድግ።

አሁን አለርት ላበጅ ነው። ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ምን ምን ላይ ላድርግ? ሜትሪኩ ላይ የደንበኛውን ስልክ ቁጥር ላክልበትም ብዬ አስባለሁ፣ ማን እንደተቸገረ ወዲያው እንዲታወቅ።

ፐርሰንታይል

ስልክ ቁጥሩን በፍጹም። ሌብል (ሜትሪኩ ላይ የሚለጠፍ መለያ) ላይ የሚገባ እያንዳንዱ አዲስ ዋጋ አዲስ ታይም ሲሪስ (ለብቻው የሚቀመጥ የቁጥር ተከታታይ) ይፈጥራል። 50 መንገድ በ5 ስታተስ በ10 ባልዲ ብቻ 2,500 ሲሪስ ነው። ያንን እንደ ከስተም ሜትሪክ ወደ ክላውድዋች ብትልከው አንዱ በወር 30 ሳንቲም፣ ጠቅላላው 750 ዶላር። የስልክ ቁጥር ስትጨምርበት አስበው። ፕሮሚቴየስ በነጻ ነው፣ ግን ሚሞሪው ይፈነዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ስልክ ቁጥር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ማን እንደተቸገረ ማወቅ ከፈለግክ ለጥያቄው መለያ ቁጥር ስጠውና ሎግ ውስጥ ፈልገው።

አለርቱን ተጠቃሚው በሚሰማው ነገር ላይ አድርግ። የክፍያ መንገድ ፒ99 ለ5 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ካለፈ። የኤረሩ ድርሻ ከ1 በመቶ ካለፈ። እነዚህ ሰው ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱም ተገቢ ነው። ሲፒዩ 80 በመቶ መድረሱ ብቻውን ማንንም መቀስቀስ የለበትም። ሲፒዩ እንዲሰራ ነው የተገዛው። ስታንዳርድ ላይ ያለ ማሽን ካለህ ግን የክሬዲት ባላንሱ ከ50 ሲወርድ በቀን ሰዓት መልዕክት ይምጣ፣ ካለቀ በኋላ ማወቁ ለምንም አይጠቅምም።

ቴላቪቭ_ኦፕስ

ፕሮሚቴየሱን እዚያው ትኬት የሚሸጠው ማሽን ላይ አትጫነው። ማሽኑ ሲወድቅ አለርቱም አብሮ ይወድቃል። ትንሽ ለብቻ ይሁን። ዳታውንም በዲፎልት 15 ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው። ገናን ከጥምቀት ለማወዳደር ይበቃል፣ ከፋሲካ ለማወዳደር ግን አይበቃም።

ሃያሁለት_ዴቭ

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ትራንዛክሽኑን ከለያየን በኋላ ደንበኛው ከፍሎ መልሱ ሳይደርሰን ሰርቨሩ ቢወድቅስ? ገንዘቡ ወጥቶ ትኬቱ «በመጠባበቅ ላይ» ይቀራል።

የዳታቤዙ_ጋሼ

ይቀራል። ስለዚህ ኤፒአዩን ከመጥራትህ በፊት የክፍያውን መለያ ቁጥር አንተው ፍጠርና መዝግበው። በየደቂቃው የሚነሳ ትንሽ ስራ ይኑርህ። ከ2 ደቂቃ በላይ የቆዩትን አንስቶ በዚያ መለያ «ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ክፍያ ድርጅቱን ይጠይቅ። ተከፍሎ ከሆነ ያጽድቅ፣ ካልሆነ ወንበሩን ይልቀቅ።

ለዚያም ሜትሪክ አውጣ። ስንት እንደሚጠባበቁ ቁጥሩን፣ ደግሞም ከሁሉም ይበልጥ የቆየው ስንት ደቂቃ እንደሆነው። ቁጥሩ በዋዜማ ከፍ ማለቱ ያለ ነው። የቆየው ሰው 10 ደቂቃ ካለፈው ግን ሲፒዩውም ፑሉም ምንም ቢሉ ሌሊትም ቢሆን ይደወልልህ።